ከሰው ቤት ወደ መሥሪያ ቤት



ዓርብ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ስንጨዋወት አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። «በሰዓት ሒሳብ ከቤት ቤት እየዞርን ከምናጸዳ፣ ሰብሰብ ብለን የቢሮ ወይም የክሊኒክ ጽዳት ብንይዝ አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማዳም ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ የዚያ ሳምንት ገቢ ይቀራል፤ መሥሪያ ቤት ግን በየቀኑ ይቆሽሻል፣ በየቀኑም ይጸዳል። ይሁን እንጂ መንገዱ እሾህ አለበት። ስለዚህ የሦስት እህቶቻችንን ገጠመኝ በፈቃዳቸው፣ ስማቸውን ሳንጠቅስ እናካፍላችኋለን።

ሦስቱም በኾርመክሰርና በመዓላ በሰዓት የሚያጸዷቸው ቤቶች ነበሯቸው። አንደኛዋን ማዳሟ ለአንድ የግል ክሊኒክ ባለቤት አስተዋወቀቻት። ሰውዬው «በወር ስንት?» ሲላት፣ ሳታስብ ለአንድ ቤት የምትቀበለውን በሦስት አባዝታ ነገረችው። እሱም ወዲያው ተስማማ። ሦስቱም በደስታ ቤቶቻቸውን ሁሉ ለቀቁ።

ወሩ ሲያልቅ ሒሳብ ያዡ «ቡክራ» አላቸው። በማግሥቱም «ቡክራ»። ገንዘቡ የተከፈላቸው ከ25 ቀን በኋላ ነው። እስከዚያው የቤት ኪራይ በብድር ከፈሉ። ክሎሮክሱን፣ ጓንቱን፣ መወልወያውን ከኪሳቸው ገዝተው ስለነበር፣ ሲያሰሉት ለእያንዳንዷ የደረሳት በፊት ታገኝ ከነበረው ያነሰ ሆነ። የሚከራከሩበት ወረቀትም አልነበራቸውም።

ከዚህ የተማርነው ይህ ነው፤ በሰው ቤት ዳኛው ትውውቅ ነው። ማዳም ታውቅሻለች፣ ልጆቿ ይወዱሻል፣ ብታጠፊም ይቅር ትልሻለች። በመሥሪያ ቤት ግን ዛሬ የተስማማሽው ሥራ አስኪያጅ ነገ ሊቀየር ይችላል። እዚያ የሚያውቅሽ ወረቀት ብቻ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሒሳቡን አስቀድሙ

ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ቦታውን ዞራችሁ እዩ። ክፍሎቹንና መጸዳጃ ቤቶቹን ቁጠሩ፤ ውኃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ታንከር መኖሩን ጠይቁ። ለምሳሌ ሦስት ሰዎች በቀን 3 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠሩ 234 ሰዓት ይሆናል። ይህን አሁን በሰዓት በምትቀበሉት ዋጋ አባዙት። በዚያ ላይ የጽዳት ዕቃውንና የደባብ መሳፈሪያውን ጨምሩ። ከዚያ በታች ከተስማማችሁ የምትሠሩት ለኪሳራ ነው።

የገንዘቡንም ዓይነት አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ዶላር በ215 የየመን ሪያል ገደማ ይመነዘር ነበር። በሐምሌ 2025 ኤደን ውስጥ ከ2,800 በላይ ደረሰ፤ በነሐሴ ደግሞ ወደ 1,600 ገደማ ወረደ። እንዲህ በሚዋዥቅ ገንዘብ የዓመት ውል መግባት አደጋ ነው። ስለዚህ ክፍያው በሳዑዲ ሪያል ይታሰብ፤ ወይም በክፍያው ዕለት ምንዛሪ ይከፈል ተብሎ ይጻፍ።

ወረቀቱ

ውሉ በዐረብኛ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በእጃችሁ ይቅር። ከመፈረማችሁ በፊት ዐረብኛ ማንበብ የሚችል የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ። የትኞቹ ክፍሎች እንደሚጸዱ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ዕቃ የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ የክፍያው ቀን፣ ውሉን ለማቋረጥ ስንት ቀን አስቀድሞ መነገር እንዳለበትና ዕቃ ቢሰበር ማን እንደሚጠየቅ በግልጽ ይጻፍ። ፓስፖርታችሁን ወይም የስደተኛ መታወቂያችሁን ለማንም በመያዣነት አትስጡ።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። የየመን የሥራ ሕግ ቁጥር 5፣ እ.ኤ.አ. የ1995፣ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። ድርጅት በቀጥታ የሚቀጥራትን ሠራተኛ ግን ይመለከታል፤ የሥራ ሰዓቷንም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ይወስናል። በራሳችሁ ተደራጅታችሁ ሥራ የምትወስዱ ከሆነ ግን መከታችሁ ውላችሁ ነው። የውጭ ዜጋም የሥራ ፈቃድ ይጠየቃል። ሰው ቤት ውስጥ ማንም ወረቀት ሳያይሽ ልትሠሪ ትችያለሽ፤ መሥሪያ ቤት ግን በር ላይ ጥበቃ አለ፣ ተቆጣጣሪም ይመጣል። ስለዚህ ወረቀታችሁ ምን እንደሚፈቅድ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጤናችሁን ጠብቁ

ክሎሮክስን ከአሲድ ወይም ከአሞንያ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ክሊኒክ ውስጥ መርፌና ደም የነካው ነገር ጠንካራ በሆነ የተለየ ዕቃ ውስጥ ይጣላል እንጂ በእጅ አይሰበሰብም። ወፍራም ጓንትና የጉበት በሽታ (ሄፓታይተስ ቢ) ክትባት ጠይቁ። አምሽታችሁ የምትወጡ ከሆነም ብቻችሁን አትውጡ።

እህቶቻችን ዛሬ የት ደረሱ? ክሊኒኩን ትተው ጥቂት ወራት ወደ ቤት ጽዳት ተመለሱ። ከዚያ አንዲት አነስተኛ ቢሮ አገኙ። በዚህ ጊዜ ግን እያንዳንዷ ሁለት ሁለት ቤት ይዛ ቆየች፤ ቢሮው ሁለት ወር በቀኑ እስኪከፍል ድረስ አንዱንም አልለቀቁም። በመካከላቸውም ስምምነት አላቸው፦ ከአሠሪው ጋር የምትነጋገረው አንዷ ናት፣ ገንዘቡ ግን ሦስቱም ባሉበት ይቆጠራል፤ አንዷ ብትታመም ሌሎቹ ይሸፍኑላታል። የጽዳት ዕቃ የሚገዙትም በትንሽ እቁብ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 የምናገኛቸው ጵርስቅላና አቂላ ከሮም የተሰደዱ ነበሩ። በቆሮንቶስም በሰው አገር ድንኳን እየሰፉ በእጃቸው ሥራ ኖረዋል፤ ጳውሎስም አብሯቸው ሠርቷል። በስደት ተባብሮ መሥራት እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። ውል ቀርቦላችሁ የሚያነብላችሁ ያጣችሁ ካላችሁ፣ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።

አምላክ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።