ግሮሰሪው ወንበሩን ወደ ደጅ ሲያወጣ፦ የጎረቤት እንቅልፍና የነጋዴ እንጀራ

በአነስተኛ ከተሞች ዋና መንገድ ዳር የተሰለፉት ግሮሰሪዎች ቀን ቀን ጸጥ ያሉ ናቸው። ሲመሽ ግን የፕላስቲክ ወንበሮቹ ከቤት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ እግረኛ መንገድ ይወጣሉ። የድምፅ ማጉያውም ፊቱን ወደ ደጅ ያዞራል። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ፣ ሕፃን የምታስተኛ እናት፣ ሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ በሬ የሚጠምድ አርሶ አደር ይኖራሉ።

ነጋዴው ወደ ደጅ የሚወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ኪራይ የሚከፈልበት ጠባብ ክፍል የሚይዘው ጥቂት ጠረጴዛ ነው፤ በበጋ ምሽት ደግሞ ደንበኛው ነፋሻ ቦታ ይሻል። የገጠሩም ሰው ከዚህ ንግድ ውጭ አይደለም። የደጋው አርሶ አደር የሚያመርተው የቢራ ገብስ ብቅል ሆኖ በደብረ ብርሃንና በጎንደር ቢራ ፋብሪካዎች ይጠመቃል፤ በጉና ፍየሉም ጥብስ ሆኖ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ስለዚህ ጥያቄው ግሮሰሪው ይኑር ወይስ ይዘጋ የሚል አይደለም። ጥያቄው በደጅ ምን ይፈቀድለታል፣ እስከ ስንት ሰዓት የሚል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የንግድ ፈቃድ መጠጥ ለመሸጥ ያስችላል እንጂ የእግረኛን መንገድ አይሰጥም። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ በመንገዱ ላይ መፍቀድና መከልከልም የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። ግሮሰሪው የሚጠቀመው የራሱን ግቢ ቢሆንም እንኳ ያሻውን ያህል መጮህ አይችልም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ወይም ሁከት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስን፣ መጥፎ ሽታንና ድምፅን በስም ይጠቅሳል። የጥብስ ጭስ የሚያስመርራቸው ጎረቤቶችም ይህን አንቀጽ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

«ልክ ያለፈ» የሚባለው ስንት ነው? የአገሪቱ የአካባቢ ድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ያስቀምጣል። ለንግድ አካባቢ በቀን 65፣ በሌሊት 55 ነው። ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ሲሆን ድምፁ በ10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ለጆሮ በእጥፍ ያህል የጎላ ይመስላል። በደረጃው መሠረት ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ግሮሰሪው ሞቅ የሚለው ገና በዚያ ሰዓት መሆኑ ነው ችግሩ።

ቁጥሩን በርቀት ማየት ይቻላል። በገላጣ ቦታ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራ አንድ ሰው በ1 ሜትር ርቀት 70 ዴሲቤል ቢለካ በ4 ሜትር 58፣ በ16 ሜትር 46 ይሆናል። ይህ ለንግድ አካባቢ ሌሊት ከተፈቀደው በታች፣ ለመኖሪያ ሰፈር ከተፈቀደው ደግሞ በጥቂቱ ብቻ በላይ ነው። በ1 ሜትር 90 ዴሲቤል የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ግን በ16 ሜትር ገና 66 ነው። ስለዚህ ነጋዴው «ይህ የንግድ ሰፈር ነው» ቢልም ማጉያው ሌሊት ከልክ ያልፋል፤ በመኖሪያ ሰፈር ከሆነማ ከተፈቀደው ከአራት እጥፍ በላይ የጎላ ሆኖ ይሰማል። የቆርቆሮ አጥር ዕይታን ይከልላል እንጂ ድምፅን እምብዛም አይዝም። በጣሪያና በግድግዳ መካከል ክፍተት ያለው የጭቃ ቤትም እንዲሁ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ጎረቤትን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው በአመዛኙ ወንበሩ ሳይሆን ማጉያው ነው። ማጉያው በቤት ውስጥ ቢቀር፣ በር ቢዘጋ፣ የደጁ አገልግሎት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ቢያበቃ አብዛኛው ጠብ ሳይነሣ ይቀራል።

የገበያ ቀን ግን ለብቻው መታየት አለበት። በዚያ ቀን መጠጡ የሚጀመረው እኩለ ቀን ሳይደርስ ነው፤ አህያውም ደጁ ላይ ታስሮ ይውላል። አባቱን ፍለጋ የተላከ ልጅ በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲመላለስ ማየት የተለመደ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ደጅ ላይ ሲሸጥ ይህን መቆጣጠር ከቤት ውስጥ ይልቅ ይከብዳል።

ነገሩ በእኛ ብቻ የሚያጋጥም አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመጠጥ ፈቃድ ሕግ አዲስ ፈቃድ የሚጠይቅ መጠጥ ቤት ማስታወቂያውን በቤቱ ላይ ለ28 ቀናት እንዲለጥፍ ያስገድዳል። ነዋሪው በዚያ ጊዜ ውስጥ ተቃውሞውን ለአካባቢው ምክር ቤት በጽሑፍ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም ፈቃዱን በሰዓት ገደብ ሊሰጥ ይችላል። ከዚህ ሊወሰድ የሚገባው ጎረቤት የሚጠየቀው ወንበሩ ከመውጣቱ በፊት መሆኑን ነው። ወንበሩ ከወጣና ደንበኛ ከለመደ በኋላ መመለስ ለነጋዴውም ኪሳራ፣ ለጎረቤቱም ቂም ነው።

ቅሬታ ያለው ነዋሪ መጀመሪያ በሽማግሌ ቢሞክር መልካም ነው፤ ነጋዴውም ነገ ጎረቤት ነውና። ካልተቻለ ጩኸቱ የተሰማበትን ቀንና ሰዓት መዝግቦ በጽሑፍ ያመልክት። በስልክ የሚለካ ድምፅ ግምት ይሰጣል፤ ለክርክር የሚጠቅመው ግን ባለሙያ የለካው ነው። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው አመልካቹን ካላረካ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል፤ ለዚህም የተሰጠው ጊዜ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ 60 ቀናት ነው።