በኩርባ መንገድና በድንገተኛ አጋጣሚ የመሪ አያያዝ፦ በሐይቅና በአምባሰል መስመር ለሚያሽከረክሩ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ አዲስ አበባን ከወልድያና ከመቀሌ በሚያገናኘው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ከተማዋን አልፎ በአምባሰል በኩል ወደ ውጫሌና ውርጌሳ ሲያመራ ዳገት፣ ቁልቁለትና ኩርባ ይፈራረቁበታል። በአካባቢው እግረኞችና የቤት እንስሳት መንገዱን ከተሽከርካሪዎች ጋር ይጋራሉ፤ ጥቅምት 17 እና ጥር 1 በሚከበሩት የእስጢፋኖስ በዓላት ሰሞን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚጓዙ ምእመናንም በመንገድ ዳር ሊኖሩ እንደሚችሉ መገመት ይገባል።

በኩርባ ላይ ተሽከርካሪን ከመንገዱ ሳይወጣ የሚያቆየው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመታጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያለችግር የሚታለፍ ኩርባ በ60 ኪሎ ሜትር ገደል የሚከት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከላዩ ዕቃ የተጫነበት ሚኒባስ ወይም ከፍ ተደርጎ የተጫነ አይሱዙ ደግሞ ገና ሳይንሸራተት ሊገለበጥ ይችላል።

ስለዚህ ፍሬን የሚያዘውም ሆነ ማርሽ የሚቀነሰው መሪው ከመዞሩ በፊት፣ መንገዱ ገና ቀጥ እንዳለ ነው። አሽከርካሪው ሁለት እጆቹን የሰዓት 9 እና 3 ቁጥሮች በሚገኙበት አቅጣጫ መሪው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ ኩርባው መውጫ አሻግሮ፣ መሪውን ሳይነጥቅ ቀስ እያለ ያዞራል። ኩርባውን ለማሳጠር ወደ ግራ መስመር መግባት በዚህ መስመር ከሚፈጸሙ ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ሊባል ይችላል፤ ከተራራው ጀርባ የሚመጣው ተሽከርካሪ አይታይምና። ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ቁልቁለትን በፎሌ መውረድም ቁጠባ አይደለም፤ የሞተሩ አጋዥነት ስለሚቀር ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ የጋለ ፍሬንም የመያዝ አቅሙን ያጣል።

ዝናብ ሲጀምር አቧራና ዘይት ከውኃው ጋር ስለሚቀላቀሉ መንገዱ ያንሸራትታል። የፊት ጎማዎች ሸርተት ብለው መኪናው አልታጠፍ ካለ መሪውን ይበልጥ ማዞር አይረዳም፤ እግርን ከነዳጅ ላይ አንስቶ፣ መሪውን ጥቂት መልሶ ጎማው መንገዱን እስኪይዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። የኋላው ከተንሸራተተ ግን መሪው የሚዞረው የኋላው አካል ወደሄደበት አቅጣጫ ነው፤ መኪናው ሲስተካከልም መሪው ወዲያው መመለስ አለበት።

የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል እንጂ በመሪ አይታዘዝም። ኤ.ቢ.ኤስ. ያለው መኪና ጎማው እንዳይቆለፍ ራሱ ስለሚከላከል ፍሬኑን አጥብቆ እንደረገጡ መሪውን ማዞር ይቻላል። ይህ በሌለው መኪና ጎማው ከተቆለፈ ፍሬኑን ለቀቅ አድርጎ እንደገና መያዝ የግድ ነው።

ጎማ ሲፈነዳ መኪናው ወደ ፈነዳው ጎማ ይጎትታል። በዚህ ጊዜ መሪውን አጥብቆ ይዞ ቀጥታ መጓዝ፣ ፍሬን አለመርገጥና ፍጥነቱ በራሱ እንዲቀንስ መተው ይገባል። ፍሬን እንቢ ካለ ደግሞ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽን ደረጃ በደረጃ መቀነስና የእጅ ፍሬንን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ መሳብ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ካልሠራና ምርጫው በገደሉና በተራራው መካከል ከሆነ፣ መኪናውን ወደ ተራራው ጠርዝ አስጠግቶ ማሸት ይሻላል።

ተበላሽቶ ከኩርባ በስተጀርባ የቆመ ተሽከርካሪ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑ የሚቀመጠው ከኋላው ሥር ሳይሆን ከኩርባው በፊት፣ መጪው አሽከርካሪ አስቀድሞ በሚያየው ቦታ ነው። በምትኩ ድንጋይ ወይም ቅጠል ያስቀመጠም ሲነሳ ድንጋዩን ከመንገድ ማንሳት ይኖርበታል። ጉዳት የደረሰበት ሰው ካለ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ በ991 ፖሊስ ይጠራል። በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብቱ በአዋጅ ተደንግጓል።