ስለ ሰጋር በቅሎ

በኢትዮጵያ ደጋ አገር ልማድ ፈረስ ለጦር፣ በቅሎ ለጉዞ ነበሩ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መኳንንቱ መንገዱን በበቅሎ ሲሄዱ፣ የጦር ፈረሳቸው እንዳይደክም ሎሌ እየሳበው ይጓዝ ነበር። ስም የሚወጣው በፈረስ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የተባሉት በፈረሳቸው ነው። የመንገዱ ምቾት ግን የበቅሎዋ ነበር።

ከበቅሎም የምትመረጠው ሰጋር ናት። መስገር ማለት በአንድ ወገን ያሉት የኋላና የፊት እግሮች ተከታትለው የሚነሡበት ፈጣንና ለስላሳ አረማመድ ነው፤ እንደ ሶምሶማ ስለማያነጥር የተቀማጩን ወገብ አያደክምም። ጠባየ ረጋ ያለች ሰጋር ለሽማግሌ፣ ለካህንና ለወይዘሮ የምትስማማውም ስለዚህ ነው።

ዛሬ እንደ ሀና ማርያም ባሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ጉዞው በመኪና ሆኗል። ስለዚህ «ሰጋር» የሚለውን ቃል ከነሙሉ ትርጉሙ ለመመዝገብ፣ በገጠር እስካሁን በበቅሎ የሚሄዱትን መጠየቅ ያሻል።