ያውቁ ኖሯል? የኔትወርክ ታወር ዝናብም ይለካል

የጉና ተራራን ዶፍ የኔትወርክ ታወር ሊለካው እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ብዙ ታወሮች እርስ በርስ የሚገናኙት በማይክሮዌቭ ሞገድ ነው። ዝናብ በመካከላቸው ሲወርድ ሞገዱ ይዳከማል፤ ዝናቡ በበረታ ቁጥር ድካሙ ይብሳል። የእስራኤል ተመራማሪዎች ይህን ድካም ወደ ሚሊ ሜትር ዝናብ መመንዘር እንደሚቻል በ1998 ዓ.ም. አሳዩ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሆላንዶች የመላ አገራቸውን የዝናብ ካርታ ሠሩበት። ቡርኪና ፋሶ ውስጥም ተሞክሯል።

ይህ ለነፋስ መውጫ ከተማ ምን ይረባታል? ብዙ ነገር! የከተማ ቦይ ስፋት የሚወሰነው በዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ሳይሆን በሩብ ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ በሚወርደው ዶፍ ነው። ያ ቁጥር በሌለበት ቦዩ በግምት ይቆፈራል፤ ከጠበበ ጎርፉ የመንገዱን ጠርዝ ገምሶ ሰው ደጃፍ ይገባል። ችግሩ የከተማ ብቻም አይደለም፤ ከጉና የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ ኖረዋል። ስለዚህ የታወሮቹ የሞገድ መዝገብ ማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት።

የስልክዎ ጂፒኤስ ያለ ሲም ካርድም እንደሚሠራስ ያውቁ ኖሯል? ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች አራቱን ካገኘ ያለበትን ያውቃል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንኳ የሳተላይቱ ምልክት አልተቋረጠም። የስማዳዋ ወገዳ ተማሪ ስልኩን ይዞ ከተማውን በእግሩ ቢዞር፣ የየመንደሩን መተላለፊያ መዝግቦ ኋላ ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው ነፃ ካርታ ላይ ማስፈር ይችላል።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ጂፒኤስ ብቻ አይደለም። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። *127# ብለው ከደወሉ በተራ ስልክም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

አንዳንድ ስልኮች የአየር ግፊት መለኪያ አላቸው፤ ፎቅ ውስጥ ስንተኛው ደርብ ላይ እንዳሉ ለመለየት ይረዳል። ያንኑ ስልክ ጉና አናት ላይ ቢያወጡት፣ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን ያሳይዎታል።

ጥር 2012 ዓ.ም. በወጣ ቪዲዮ ላይ ሲሞን ቬከርት የተባለ ጀርመናዊ አርቲስት 99 ስልኮች በጋሪ እየጎተተ በርሊን ውስጥ መኪና በሌለበት ጎዳና ሲሄድ፣ ጉግል ካርታ መንገዱን «ተጨናንቋል» ብሎ ቀይ አደረገው። ካርታው መኪና አይቆጥርም፤ ስልክ ነው የሚቆጥረው። በገበያ ቀን ጤፉን በአህያ ጭኖ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ የሚመጣው ገበሬ እንዲህ ባለው ቆጠራ ውስጥ የለም። ገበያውና የአህያ ማሰሪያው በስልክ መረጃ ብቻ ከተነደፈ ቦታ የሚነፈገው እሱ ነው። ስለዚህ በከተማው መግቢያ ቆሞ እግረኛውንና ጭነቱን በእጅ የሚቆጥር ባለሙያ ዛሬም ያስፈልጋል።