ጉግል ከሐኪም ቀድሞ ጉንፋንን ያውቃል? እውነት ወይስ ተረት?

ብዙዎቻችን የሰማነው ታሪክ ይህ ነው፦ ትኩሳት የያዘው ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት ስልኩን አንሥቶ ጉግልን ይጠይቃል፤ ስለዚህ የሚሊዮኖችን ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚያይ ኩባንያ ወረርሽኝ መግባቱን ከጤና ተቋማት ቀድሞ ይደርስበታል። ታሪኩ መሠረት አለው፤ ጉግል ይህን በእርግጥ ሞክሮታል። ነገር ግን ከሙከራው ጋር ውድቀቱም ስላልተነገረ፣ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሽታን አስቀድሞ ያውቃል የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር ሳንጠይቅ እንቀበላለን። ይህ ያሳስበኛል። እንዲህ ያለው ግምት መድኃኒትና የሆስፒታል አልጋ ወዴት ይመደብ የሚሉ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ ነውና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ጉግል ወረርሽኙን የሚያውቀው በራሱ መረጃ ብቻ ነው።»

ተረት ነው። ጉግል «ፍሉ ትሬንድስ» የተባለውን አገልግሎት በኖቬምበር 2008 ሲጀምር አሠራሩ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ባለሙያዎቹ አሜሪካውያን አዘውትረው የሚፈልጓቸውን 50 ሚሊዮን ሐረጎች ወሰዱ። እያንዳንዱ ሐረግ ከ2003 ጀምሮ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደተፈለገ አወጡና የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠርና መከላከያ ማዕከል፣ በአጭሩ ሲዲሲ፣ በየሳምንቱ ከሚያወጣው ቁጥር ጋር አስተያዩት። የሲዲሲ ቁጥር የሚመጣው ከሐኪሞች ነው፤ ሊታከሙ ከመጡት ሰዎች መካከል ትኩሳት፣ ከትኩሳቱም ጋር ሳል ወይም የጉሮሮ ሕመም ያለባቸው ስንት በመቶ እንደሆኑ ይናገራል። ከ50 ሚሊዮኑ ውስጥ ከዚህ ቁጥር ጋር አብረው የሚወጡና የሚወርዱ 45 ሐረጎች ተመረጡ። ጉግልን ያስተማሩት ሐኪሞቹ ናቸው ማለት ነው። የኔቸሩን ጽሑፍ ከጻፉት አንዷ ራሳቸው የሲዲሲ ባለሙያ ነበሩ።

ጥቅሙ ፍጥነቱ ነበር። የሲዲሲ ሪፖርት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይዘገያል፤ የጉግል ግምት ግን በአንድ ቀን ይደርሳል። ኢንፍሉዌንዛ፣ እዚህ ጉንፋን የምንለው በሽታ፣ የያዘው ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሌላው ስለሚያስተላልፍ ሁለት ሳምንት ትልቅ ጊዜ ነው። ሐሳቡም ቢሆን ከጉግል አልጀመረም። ጉንተር አይዘንባህ የተባሉ ተመራማሪ በ2004 እና 2005 የጉንፋን ወቅት ካናዳ ውስጥ ስለ ጉንፋን ለሚፈልጉ ሰዎች ብቻ የምትታይ ትንሽ ማስታወቂያ አስወጡ። ስንት ሰው እንደተጫናት በመቁጠር ብቻ ከበሽታው ጋር አብሮ የሚሄድ ምልክት አገኙ።

«ፍለጋው ከበሽታው ጋር አብሮ ከወጣና ከወረደ በሽታውን ይለካል።»

ዋናው ተረት ይህ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው። ሐረጎቹ ሲለዩ ከበሽታው ጋር በሚገባ አብሮ ሲሄድ ከተገኘው አንዱ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅርጫት ኳስ የሚደረግ ፍለጋ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የተማሪዎች ቅርጫት ኳስ ውድድር የሚደረገው በክረምታቸው ነው፣ ኢንፍሉዌንዛም የሚበረታው በዚያው ወቅት ነው። ባለሙያዎቹ ይህን አይተው ወደ ጎን ተዉት። ነገር ግን ስሙ በግልጽ ኳስ የማይል፣ ከበሽታ ይልቅ ከብርዱ ወቅት ጋር ብቻ የሚሄድ ስንት ሐረግ ሳይታወቅ ሊገባ ይችላል? ሰፈር ውስጥ ድንኳን ያየ ሁሉ ለቅሶ አለ ብሎ ቢደመድም ሠርጉንም ለቅሶ አድርጎ ይቆጥራል።

ፈተናው ቶሎ መጣ። በ2009 ኤች1ኤን1 የተባለው፣ የአሳማ ጉንፋን ተብሎ የተጠራው ወረርሽኝ ከተለመደው ወቅት ውጭ፣ በጸደይ ገባ። የጉግል ስሌት የመጀመሪያውን ማዕበል አሳንሶ ገመተ፤ ሰዎችም የሚፈልጓቸው ቃላት ካለፉት ዓመታት የተለዩ ነበሩ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ስሌቱን አስተካከለ።

ከባዱ ስህተት ግን በተቃራኒው አቅጣጫ መጣ። በ2012 መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ ጠንካራ ነበር። ጃንዋሪ 2013 ላይ የቦስተን ከንቲባ፣ ከዚያም የኒውዮርክ ግዛት አስተዳዳሪ የጤና አስቸኳይ ጊዜ አወጁ፤ ዜናው በየቴሌቪዥኑ ሆነ። ዜናውን ያየ ጤነኛ ሰው ስለ ልጁ ሰግቶ ይፈልጋል፤ ጉሮሮውን ትንሽ የከረከረውም ይፈልጋል። በወቅቱ ጫፍ ላይ የጉግል ግምት ከሲዲሲ ቁጥር እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ተመራማሪው ዴቪድ ሌዘርና ባልደረቦቻቸው በማርች 2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ከኦገስት 2011 ጀምሮ ባሉት 108 ሳምንታት ውስጥ ጉግል በ100ዎቹ አብዝቶ እንደገመተ አሳዩ። መለኪያው የያዘው የሰውን ሥጋትና ጉጉት ነበር፤ ሕመሙ ከሁለቱ ጋር ተቀላቅሎ ነው የገባው።

«ስህተቱ የመጣው ሕዝቡ ስለደነገጠ ብቻ ነው።»

ግማሽ እውነት ነው። እነ ሌዘር ሌላም ምክንያት አቅርበዋል፤ ጉግል ራሱ ተለውጦ ነበር። ሰው ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ የሚቀጥለውን ቃል የሚያቀርበው፣ ከጥያቄውም በኋላ ተዛማጅ ፍለጋዎችን የሚደረድረው፣ የሕመም ምልክት ለጻፈ ሰው የበሽታ ስም የሚያሳየው አሠራር በየጊዜው እየተጨመረ መጣ። «ሳል» ብሎ የጀመረ ሰው «ጉንፋን» የሚለውን ቢጫን ሐሳቡ ከሰውየው ይሁን ከገጹ መለየት አይቻልም። ኩባንያው አገልግሎቱን የሚያሻሽለው ለንግዱ ነው፤ ያ ሁሉ ለውጥ ግን የበሽታ መለኪያውንም ሳይነገር ይቀይረዋል። 45ቱ ሐረጎች ዝርዝራቸው ይፋ ስላልሆነ የውጭ ተመራማሪ ገብቶ ሊመረምራቸው አልቻለም። በእኔ እምነት ከስሌቱ ስህተት ይልቅ ይህ ይብሳል። የሕዝብ ጤና የሚታመንበት ቁጥር ለሌላ ሰው ምርመራ ክፍት መሆን አለበት።

«ጉንፋን ብዬ ከፈለግሁ መታመሜ በስሜ ይመዘገባል።»

ቢያንስ በዚህ ሥራ ተረት ነው፤ የተቆጠረው የየግዛቱ ድምር ነበር። ሥጋቱ ግን ከንቱ አይደለም። በ2006 ኤኦኤል የተባለው ኩባንያ የደንበኞቹን ፍለጋ ስማቸውን በቁጥር ተክቶ ይፋ ሲያደርግ፣ ጋዜጠኞች ፍለጋዎቹን ተከትለው የአንዲት ሴትን ማንነት ደርሰውበታል።

«ሙከራው ወድቋል፤ ፍለጋ ለጤና ጥበቃ አይረባም።»

ይህም ተረት ነው። ጉግል ግምቱን ለሕዝብ ማውጣት ያቆመው በኦገስት 2015 ነው፤ መረጃውን ግን ለተመራማሪ ተቋማት መስጠቱን ቀጠለ። የእነ ሌዘር ጽሑፍ ብዙዎች ሳያነቡት ያለፉት ክፍል አለው። ሁለት ሳምንት የዘገየውን የሲዲሲ ቁጥር ብቻ ይዞ ወደፊት መገመት ከጉግል ስሌት የተሻለ ውጤት ይሰጥ ነበር፤ ሁለቱ ሲደመሩ ደግሞ ከእያንዳንዳቸው ይበልጣሉ። በ2015 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች «አርጎ» ብለው የሠሩት ስሌት በዚሁ መንገድ ሄደ፤ የሐኪሞቹን የቅርብ ሳምንታት ቁጥር መሠረት አድርጎ ፍለጋውን ይጨምርበታል፤ አዲስ ቁጥር በመጣ ቁጥርም ራሱን ያርማል። ፍሉ ትሬንድስን የጎዳው አንዴ ከተማረ በኋላ ከሐኪሞቹ ተለይቶ መሄዱ ነው።

«እንግዲያው ለኢትዮጵያም ይሠራል።»

ዛሬ አይሠራም። ፍሉ ትሬንድስ በሰፋበት ጊዜ 29 አገሮችን ያካትት ነበር፤ ከአፍሪካ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ስሌቱ ኢንተርኔት የሚጠቀም ብዙ ሕዝብና ለዓመታት ሳይቋረጥ የተመዘገበ የክሊኒክ ቁጥር ይፈልጋል። እኛ ዘንድ በገጠር ያለችው እናት ልጇ ሲያተኩስባት ስልክ ላይ አትጽፍም፤ የሚጽፈውም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ አንዳንዴም አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው አካባቢዎችና ወራት ደግሞ ማሽኑ በሽታ የለም ብሎ ያነብብ ነበር።

ከሁሉ በላይ ፍለጋ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ትኩሳትና ሳል ከብዙ ቫይረሶች ይመጣሉ፤ ኢንፍሉዌንዛ መሆኑን፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነም የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚቀጥለው ክትባት የትኞቹን የቫይረስ ዝርያዎች እንዲይዝ የሚመክረው ከየአገሩ ላቦራቶሪዎች በሚሰበሰብ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ነው። በእኛም አገር የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት የሚካሄደው በተመረጡ ጤና ተቋማት ከሕሙማን በሚወሰድና በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚመረመር ናሙና ነው። ስለዚህ ትኩሳትና ሳል ይዟችሁ ጤና ተቋም ስትሄዱ ባለሙያው ለዚህ ሥራ ከአፍንጫችሁ ወይም ከጉሮሯችሁ ናሙና ልውሰድ ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ እባካችሁ እሺ በሉት።