ከተማ በፕላን ሲወለድ፤ የለንደን አዲስ ከተሞችና የትምህርት ቤት ቦታ



«ከተማው አደገ» ማለት ልማዳችን ነው። ልጅ እንደሚያድግ፣ ዛፍ እንደሚያድግ አድርገን እንናገራለን። ነገር ግን ልጅ ሲያድግ እጁ ከእግሩ ጋር ተመጣጥኖ ነው። ከተማ ግን እንዲህ አይደለም። ቤቱ ቀድሞ ውሃው ሊዘገይ፣ ሰዉ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ሊቀር ይችላል። ታዲያ የከተማን እድገት አስቀድሞ በወረቀት ላይ መንደፍ ይቻላልን? ቢቻልስ ጥቅሙ ለማን ይደርሳል? በዚህ ጉዳይ ረዥም ተሞክሮ ካላቸው ከተሞች አንዷ ለንደን ስለሆነች ታሪኳን በአጭሩ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የለንደን ጭንቀት

በ1801 የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ዛሬ ታላቋ ለንደን በምትባለው ክልል የነበረው ሕዝብ 1 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ1901 ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ፋብሪካው፣ ወደቡና ባቡሩ ሰውን ከየገጠሩ ሳቡት። የገጠሩ ሰው የእርሻ ሥራ ሲያጣ «ለንደን ልሂድ» ይላል፤ ለንደን ሲደርስ ደግሞ አንዲት ክፍል ውስጥ ከነቤተሰቡ ታጭቆ ያድራል። ጢሱ፣ ቆሻሻው፣ በሽታው ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ድሀውን ነበር። ገንዘብ ያለው ባቡሩን ተከትሎ ወደ ዳር ሲወጣ፣ ድሀው ለሥራው ቅርብ ለመሆን ሲል እመካከል ቀረ።

የአንድ ተራ ጸሐፊ ሐሳብ

ለዚህ ችግር መፍትሔ ካቀረቡት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ኤቤኔዘር ሃዋርድ ነው። ሃዋርድ መሐንዲስ አልነበረም። በፓርላማ የሚነገረውን ንግግር በፍጥነት እየጻፈ የሚተዳደር ስቴኖግራፈር ነበር። በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ ከተማንና ገጠርን እንደ ሁለት መግነጢሶች አድርጎ አቀረባቸው። ከተማ በደመወዙና በጨዋታው ይስባል፤ ግን የቤት ኪራዩና ጢሱ አያስኖርም። ገጠር በአየሩ ይስባል፤ ግን ሥራ የለበትም። እንግዲህ የሁለቱን መልካም ጎን አንድ ላይ የያዘ ሦስተኛ መግነጢስ ያስፈልጋል አለ። ስሙንም «የአትክልት ከተማ» አለው።

ልኩንም ሳይቀር ሰጥቶታል። መሬቱ 2,400 ሄክታር ያህል ነው። በእኛ በዱሮው አለካክ 60 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ ከተማው የሚይዘው 10 ጋሻ ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ የቀረው እርሻና ደን ሆኖ ከተማውን እንዲከበው ነው። ሕዝቡ 32 ሺህ ሲሞላ ከተማው ወደ ጎን አይለጠጥም፤ ከእርሻው ማዶ ሌላ ከተማ ይጀመራል።

ከዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ፍሬ ነገር አለ። የሃዋርድ ሐሳብ ዛፍ መትከል ብቻ አልነበረም። ዋናው ነገር መሬቱ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የእርሻ ማሳ መቶ ብር ያወጣል እንበል። መንገድ፣ ገበያና ትምህርት ቤት በአጠገቡ ሲሠራ ያው ማሳ ሺህ ብር ያወጣል። ዘጠኝ መቶውን ብር ማን ፈጠረው? ባለመሬቱ አላረሰው፣ አልቆፈረው። የፈጠረው በዚያ የሠፈረው ሕዝብ ነው። ስለዚህ መሬቱ በእርሻ ዋጋ ተገዝቶ በነዋሪው ስም ይያዝ፤ ከተማው ሲያድግ የሚገኘው የኪራይ ጭማሪ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለአረጋውያን ጡረታ ይዋል አለ።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ አልቀረም። ከለንደን በስተ ሰሜን በ1903 ሌችወርዝ፣ በ1920 ደግሞ ዌልዊን ተቆረቆሩ።

መንግሥት ሥራውን ሲረከብ

በ1939 የታላቋ ለንደን ሕዝብ 8.6 ሚሊዮን ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ቦምብ ብዙ ሰፈር አፈረሰ። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ በ1944 ፓትሪክ አበርክሮምቢ የተባሉ የፕላን ሊቅ የታላቋን ለንደን ፕላን አቀረቡ። ክልሉን እንደ ሽንኩርት ቅጠል በአራት ቀለበት ከፈሉት። ከመካከል የተጨናነቀው ከተማ፣ ቀጥሎ የዳር ሰፈሮች፣ ከዚያ ቤት የማይሠራበት አረንጓዴ ቀበቶ፣ በመጨረሻም የውጩ ገጠር ነው። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ከመካከሉ ወጥቶ፣ ከፊሉ ከቀበቶው ማዶ በሚሠሩ አዲስ ከተሞች እንዲሠፍር አሳሰቡ።

በ1946 የአዲስ ከተሞች ሕግ ወጣ። ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ የልማት ኮርፖሬሽን ይቋቋማል፤ ኮርፖሬሽኑ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይበደራል፣ መሬት በግዴታ ይገዛል፣ ቤትና መንገድ ይሠራል። መሬቱን ሲገዛ ከተማው በመሠራቱ ምክንያት የሚጨመረውን ዋጋ አይከፍልም። የሃዋርድ ሐሳብ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። እስከ 1949 ድረስ በለንደን ዙሪያ ስምንት ከተሞች ተሰየሙ፤ እነሱም ስቲቨኔጅ፣ ክሮውሊ፣ ሄመል ሄምፕስቴድ፣ ሃርሎ፣ ሃትፊልድ፣ ዌልዊን፣ ባዚልደንና ብራክኔል ናቸው። በ1967 ደግሞ ራቅ ብላ፣ 250 ሺህ ሕዝብ እንድትይዝ ሚልተን ኪንስ ታቀደች፤ ዛሬ ከዚያ ቁጥር አልፋለች።

ነገሩ ያለ ጭቅጭቅ አልሄደም። ስቲቨኔጅ 6 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ወደ 60 ሺህ ታድግ ሲባል ነዋሪው ተቆጣ። ሚኒስትሩ ሉዊስ ሲልኪን ሕዝቡን ሊያነጋግሩ በ1946 ሲሄዱ የመኪናቸው ጎማ ተነፈሰ። በባቡር ጣቢያውም ላይ «ሲልኪንግራድ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈባቸው። ጉዳዩ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ድረስ ሄዶ በ1947 ለሚኒስትሩ ተፈረደ። ሰዎቹ እውነት ነበራቸው? አዎን፣ የራሳቸው እውነት ነበራቸው። ቤታቸውና እርሻቸው ነው የሚወሰደው። በሌላ በኩል ደግሞ በፈራረሰው ለንደን ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተው የሚኖሩት ቤተሰቦችም እውነት ነበራቸው። ፕላን ማለት እንዲህ ያሉትን ሁለት እውነቶች በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው።

ትምህርት ቤቱ በመካከል

ለእኛ ለመምህራን ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ይህ ነው። አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ በ1929 ስለ ኒው ዮርክ በተዘጋጀ የፕላን ጥናት ውስጥ «አንድ ሰፈር ስንት ሰው ይኑርበት?» የሚል ጥያቄ አንሥቶ ነበር። መልሱ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሞሉ ልጆች ያሉት ሕዝብ ይኑርበት የሚል ነው። ትምህርት ቤቱ እመካከል ይሁን፤ ከመካከል እስከ ዳር ያለው ርቀት 400 ሜትር ያህል ይሁን፤ መኪና የሚበዛበት አውራ ጎዳና በሰፈሩ ዳር እንጂ በመካከሉ አይለፍ። እንዲህ ከሆነ የሰባት ዓመት ልጅ ብቻውን፣ ጎዳና ሳያቋርጥ፣ በእግሩ ትምህርት ቤት ይደርሳል።

አያችሁ? መለኪያው የቤተ መንግሥቱ አደባባይ ወይም የመኪናው ፍጥነት አይደለም። መለኪያው የአንድ ሕፃን እርምጃ ነው። በለንደን ዙሪያ የተሠሩት አዲስ ከተሞች ይህን ሐሳብ ተከትለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሺህ ሰው በሚይዙ ሰፈሮች ተከፋፈሉ። በየሰፈሩም ትምህርት ቤት፣ ሱቅና መሰብሰቢያ አዳራሽ ተመደበ። ስቲቨኔጅ መኪና የማይገባበት የገበያ ማእከል ሠርታ በ1959 አስመረቀች።

ያልታሰበው ሁሉ

ታዲያ ሁሉም ሠመረ ማለት ነው? የለም። ፕላኑ ያላያቸው ነገሮች ነበሩ።

አንደኛ፣ በአዲሱ ከተማ ቤት ለማግኘት በከተማው ሥራ መያዝ ያስፈልግ ነበር። ሰው ሥራና ቤት በአንድ ቦታ እንዲያገኝ ነው የታሰበው፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ፋብሪካዎቹ የሚፈልጉት ሙያ ያለውን ወጣት ነው። ስለዚህ ወጣቱ ባለሙያ ሲወጣ፣ አዛውንቱ፣ ሥራ አጡና የቀን ሠራተኛው በአሮጌው ለንደን ቀሩ። ከሁሉ ይበልጥ ቤት የቸገረው ሰው ቤቱ አልደረሰውም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቤቱ ከሱቁና ከአዳራሹ ቀድሞ አለቀ። ባል ወደ ሥራ ሲሄድ እናት ዘመድ በሌለበት፣ ጎረቤት በማታውቅበት ቦታ ሕፃን ታቅፋ ብቻዋን ትውላለች። ይህ ነገር ስም እስኪወጣለት ድረስ በዛ፤ «የአዲስ ከተማ ትካዜ» ተባለ። ግድግዳ በኮርፖሬሽን ይሠራል፤ ጉርብትና ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ነዋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ የገባ ወጣት ባልና ሚስት ስለሆነ ልጆቹም በአንድ ጊዜ ተወለዱ። ሃርሎ በ1950ዎቹ «የሕፃን ጋሪ ከተማ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላት። በእንዲህ ያለ ከተማ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ይጨናነቃል፤ ልጆቹ አድገው ሲሄዱ ደግሞ ወንበሩ ባዶ ይቀራል። በአንድ ቀን የተተከለ ጫካ በአንድ ቀን እንደሚያረጅ መሆኑ ነው።

አራተኛ፣ አረንጓዴው ቀበቶ ገጠሩን ከቤት ሥራ ጠበቀ፤ ሰውን ግን አላቆመም። ሰዉ ቀበቶውን ዘልሎ ማዶ ሠፈረና ጧት በባቡር ለንደን እየገባ ማታ ይመለስ ጀመር። የለንደን ሕዝብም በ1980ዎቹ ወደ 6.8 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። የወጣው አብዛኛው ሰው ወደ አዲሶቹ ከተሞች ሳይሆን በራሱ ፈቃድ ወደየፈለገበት የሄደ ነው፤ ወደቡና ብዙ ፋብሪካዎችም ተዘግተው ነበር። በኋላ ሕዝቡ እንደገና ጨምሮ በ2015 የ1939ኙን ቁጥር አለፈ፤ በ2021 ቆጠራ 8.8 ሚሊዮን ሆኗል። ዛሬ የለንደን ትልቁ ራስ ምታት የቤት ዋጋ ነው።

አምስተኛ፣ ኮርፖሬሽኖቹ ሲፈርሱ ከያዙት መሬትና ሕንፃ ብዙው ለግል ገዢ ተሸጠ። ስለዚህ የሃዋርድ «ዘጠኝ መቶ ብር» በነዚያ ከተሞች ለነዋሪው አልቀረም። በሌችወርዝ ግን ብዙው መሬት ዛሬም በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለተያዘ የኪራዩ ትርፍ ለከተማው ጥቅም ይውላል። ሁለቱን ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

«የለንደን ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሊኖር ይችላል። አንድ ነገር ልጠቁም። እኚያው አበርክሮምቢ በ1956 ለአዲስ አበባም ማስተር ፕላን አውጥተዋል። ቀለበት መንገድና በሰፈር የተከፋፈለ ከተማ የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ ወደ እኛም መጥቷል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ በጀሞና በየካ አባዶ እንዳየነው፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ተሠርተው ብዙ ሺህ ቤተሰብ ሰፈር ለውጧል። አዲስ ሰፈር የገባ ሕፃን ጥያቄው በሃርሎም በጀሞም አንድ ነው። «ትምህርት ቤቴ የት ነው? በምን እሄዳለሁ? ከማን ጋር እጫወታለሁ?»

እናንተ እጩ መምህራን ነገ የምትመደቡት በየጊዜው በሚሰፋ ከተማ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ፕላኑን የምንነድፈው እኛ አይደለንም። ነገር ግን ፕላኑ በሕፃን እግር ላይ ምን እንዳደረገ ጧት ጧት የሚያየው መምህሩ ነው። ዘግይቶ የመጣውን ተማሪ «ለምን አረፈድክ?» ብሎ ከመቅጣት በፊት የመጣበትን መንገድ መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ አንድ ሥራ እንድትሠሩ እጋብዛለሁ። ተማሪዎቻችሁ ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ በእርምጃ ይለኩ፤ ስንት አውራ ጎዳና እንደሚያቋርጡ ይቁጠሩ፤ በወረቀትም ላይ ካርታውን ይሣሉ። ሒሳቡም፣ ጂኦግራፊውም፣ የኅብረተሰብ ትምህርቱም በዚያው ውስጥ አለ። ውጤቱን ይዛችሁ ስትመለሱ ካርታዎቹን በዚሁ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን እንሰቅላቸዋለን። ያኔ 400 ሜትር የሚለው ልክ በየሰፈራችን ምን ያህል እንደ ራቀ ወይም እንደ ቀረበ በዓይናችን እናየዋለን።