በፔፕታይድ ቧንቧ ውስጥ የገባ ውሃ

ውሃ የሚታወቅባቸው ጠባዮች የአንድ ሞለኪውል ብቻ ሳይሆኑ ሞለኪውሉ ከአካባቢው ጋር ያለው ግንኙነት ውጤት በመሆናቸው፣ አካባቢው ሲለወጥ ጠባዩም ይለወጣል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ውሃ ከ100 ይልቅ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መፍላቱ ለዚህ ማስረጃ ነው። ስፋቱ ከጥቂት ሞለኪውሎች በማይበልጥ ቧንቧ ውስጥ የገባ ውሃ ግን የሚያጣው ጎረቤቶቹን ራሳቸውን ነው፤ የእያንዳንዱን ሞለኪውል እንቅስቃሴ በዓይን መከታተል ስለማይቻልም ተመራማሪዎች ሁኔታውን በኮምፒውተር አስመስለው ያሰላሉ።

ፔፕታይድ የሚባለው የፕሮቲን መሠረት የሆኑት አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሚሠሩት አጭር ሰንሰለት ሲሆን፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሲጋጠሙ ቀለበት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የሬዛ ጋዲሪ የምርምር ቡድን፣ አንዱ የሌላው የመስታወት ነጸብራቅ የሆኑትን ኤል እና ዲ የተባሉ የአሚኖ አሲድ ዓይነቶች እያፈራረቀ ስምንቱን በቀለበት ሲያያይዝ፣ ቀለበቶቹ በራሳቸው ተደራርበው ቧንቧ እንደሚሠሩ አሳየ። ማፈራረቁ ቀለበቱን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ የአሚኖ አሲዶቹን ቅርንጫፎች ወደ ውጭ ይገፋል፤ የሃይድሮጅን ትስስር የሚፈጥሩት ክፍሎችም ወደ ላይና ወደ ታች ዞረው ቀለበትን ከቀለበት ያጣብቃሉ። የቧንቧው የውስጥ ስፋት 0.75 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ሞለኪውላዊ ዳይናሚክስ የሚባለው ስሌት በመሠረቱ የኒውተንን ሕግ መደጋገም ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ አቶም ከሌሎች የሚደርስበትን ግፊትና ስበት ደምሮ አቶሙን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል፣ ከአዲሱ ቦታ ተነስቶም እንደገና ያሰላል። የአንዱ እርምጃ ርዝመት ብዙ ጊዜ ሁለት ፌምቶሰከንድ ስለሆነ፣ ማለትም የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ እንደገና ለሚሊዮን ተከፍሎ ሁለት እጅ ስለሆነ፣ አሥር ናኖሰከንድ ለማየት አምስት ሚሊዮን ጊዜ ማስላት ያስፈልጋል።

ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው። በተለመደው ፈሳሽ ውሃ አንድ ሞለኪውል በአማካይ ሦስት ተኩል ገደማ የሃይድሮጅን ትስስር አለው፤ በጠባቡ የፔፕታይድ ቧንቧ ውስጥ ግን ሞለኪውሎቹ አንድ ቦታ ላይ ነጠላ፣ ቀጥሎ ጥንድ እየሆኑ ይደረደራሉ፣ ከግድግዳው ጋርም ስለሚተሳሰሩ ከውጭው ውሃ ይልቅ ዝግ ብለው ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ገርሃርድ ሁመርና ባልደረቦቹ ያስመሰሉት የካርቦን ቧንቧ ግን ግድግዳው ለስላሳና ውሃ የማይስብ ሆኖ ሳለ አምስት ያህል ሞለኪውሎች ገብተውበት፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት እንደሚጓዝ ሲራራ ነጋዴ ተከታትለው በፍጥነት አልፈዋል። ልዩነቱ የግድግዳውን ኬሚስትሪ የስፋቱን ያህል ወሳኝ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤስፒሲ ኢ የተባለው ታዋቂ የውሃ ሞዴል ለኦክስጅኑ −0.8476፣ ለእያንዳንዱ ሃይድሮጅን +0.4238 ቋሚ የኤሌክትሪክ ሙል ይሰጣል፤ እነዚህ ቁጥሮች የተመረጡት በጎረቤቶች የተከበበ ውሃ ጠባይ እንዲገኝባቸው ታስቦ ነው። እውነተኛው ሞለኪውል የሙሉን ሥርጭት እንደ አካባቢው የሚለዋውጥ በመሆኑ፣ ጎረቤት ባነሰበት ቧንቧ ውስጥ ይኸው ቋሚ ሞዴል የሚሰጠው ፍጥነት ከሌላ ሞዴል ጋር ሳይነጻጸር ሊታመን አይገባም።

የስሌቱን ውጤት ለመተርጎም የሚያገለግለው ስታቲስቲካል ፊዚክስ ሲሆን፣ በዚህ ዘርፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩትና እ.ኤ.አ. በ2012 በሰብአዊ መብት ተቆርቋሪነታቸው የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበርን የሳካሮቭ ሽልማት የተቀበሉት ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ይጠቀሳሉ። ስሌቱን የሚሠራውና በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን የተጀመረው ግሮማክስ የተባለው ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ነው፤ የሥራውን ደረጃ በየ15 ደቂቃው ስለሚመዘግብም መብራት ቢጠፋ ካቆመበት አካባቢ ይቀጥላል። ስለዚህ አነስተኛ ቧንቧና ጥቂት ሺህ የውሃ ሞለኪውል ማስመሰል ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአቅም በላይ አይደለም።

ውሃ በጠባብ ቧንቧ እንዴት ያልፋል የሚለው ጥያቄም ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ በብዙ ጉድጓዶች የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር የ1.5 ሚሊግራም ወሰን ያልፋል። ፍሎራይድ ወደ ጠባብ ቧንቧ ለመግባት አጥብቆ የያዛቸውን የውሃ ሞለኪውሎች መጣል አለበት፤ የፔፕታይዱ ውስጣዊ ገጽታም እንደ ፍሎራይድ ያሉ አሉታዊ ሙል ያላቸውን አየኖች አያስተናግድም። ውሃው ግን ለማጣሪያ በሚበቃ ፍጥነት ያልፍ እንደሆነ የሚወስነው የግድግዳው አሠራር ነው፤ ቀለበቱን በአንድ ወይም በሁለት ጥንድ አሚኖ አሲድ አስፍቶ ስሌቱን መድገም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።